ስለ ሰፈራችሁ ወንዝ፣ ወፍና ዛፍ እንዴት ትጽፋላችሁ?

ስለ ተፈጥሮ በአማርኛ ከሚጻፈው አብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «አካባቢያችንን እንንከባከብ» ብሎ ይጀምርና «አካባቢያችንን እንንከባከብ» ብሎ ያልቃል። ሌላው ስለ አማዞን ደንና ስለ ሰሜን ዋልታ በረዶ ያወራል። ሁለቱንም አንብበን ስንጨርስ ከቤታችን ጀርባ ስላለው ጅረት የምናውቀው ያው የድሮው ነው። ይሸታል፣ ክረምት ላይ ይሞላል፣ በቃ።

ይህ መመሪያ አዲስ አበባ ዳር ዳር ለምትኖሩ ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ። በአንድ በኩል ኮንዶሚኒየም፣ በሌላ በኩል የጤፍ ማሳ። ማታ ጅብ ይጮኻል፣ ጠዋት ሲኖትራክ። ስለ ተፈጥሮ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ሰፈር ያለ አይመስለኝም፤ ለውጡ ዓይናችን እያየ ነው የሚካሄደው። የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ስልክና የሚራመድ እግር ነው። የሳይንስ ዲግሪ የግድ አይደለም።

1. ርዕስ አትምረጡ፤ ጥያቄ ያዙ

«የአቃቂ ወንዝ ብክለት» ርዕስ ነው። «ከብሎካችን በታች ያለችው ጅረት ለምን አረፋ ትሠራለች?» ደግሞ ጥያቄ ነው። ርዕስ የያዘ ሰው ከየት እንደሚጀምር ስለማያውቅ ጎግል ላይ ይቀመጣል። ጥያቄ የያዘ ሰው ጫማውን አጥልቆ ይወርዳል።

ጥያቄያችሁ በእግር የሚደረስበት ይሁን። አንባቢያችሁም ከፈለገ ሄዶ የሚያየው ነገር ይሁን። ለመነሻ ያህል፦ አምና ክረምት የተተከሉት ችግኞች ስንቱ ጸደቁ? የመስቀል ወፍ መስከረም ሲያልፍ የት ይገባል? እንጦጦ ላይ የዘነበ ዝናብ መጨረሻው የት ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። ከተራራው በስተ ደቡብ የወረደው ውኃ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በስተ ሰሜን የወረደው በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ አፋር በረሃ፣ አንዱ ግብፅ። ይህን የሚያውቅ ሰው እንጦጦ ጫፍ ላይ ሲቆም የሚያየው ነገር ይቀየራል።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ለማሳየት የአረፋዋን ጥያቄ ይዤ እቀጥላለሁ።

2. ወርዳችሁ እዩ፤ ያያችሁትንም እዚያው ጻፉ

ቤት ደርሼ እጽፈዋለሁ የሚባል ነገር የለም። ቤት ስትደርሱ ትዝታው ከግምቱ ጋር ተደባልቋል።

የደብተሩን ገጽ መሐል ላይ በመስመር ክፈሉት። በግራ «ያየሁት»፣ በቀኝ «የጠረጠርኩት» ብላችሁ ጻፉ። «ነጭ አረፋ፣ ከድንጋዩ ግርጌ፣ የሳሙና ሽታ» የግራው ነው። «ከላይ ካለው የመኪና እጥበት የመጣ» የቀኙ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ስትሠሩት ግን ስንት ግምት እንደ እውነት ተመስሎ ጭንቅላታችሁ ውስጥ እንደተቀመጠ ታያላችሁ። የመኪና እጥበት ቤቱ ባለቤትም ስሙ በከንቱ እንዳይጠፋ የሚጠብቀው ይህች መስመር ናት።

ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና አየሩን ሁልጊዜ መዝግቡ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ብትጽፉት ይሻላል፤ በኋላ ከጥናት ወይም ከሚቲዮሮሎጂ መረጃ ጋር ስታስተያዩ ትፈልጉታላችሁ። ሰዓቱም ላይ እንዲሁ። እናንተ «ጠዋት 1 ሰዓት» ስትሉ የስልካችሁ ፎቶ 7፡00 ይላል። የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ገጹ አናት ላይ አስፍሩ።

አንድ ቦታ ቆማችሁ ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ ፎቶ አንሱ። ድልድዩ ጥግ፣ ግንቡ አጠገብ፣ የትም ይሁን፤ ብቻ አትቀያይሩት። ለመጠን እንዲሆን አንድ ሃይላንድ ፎቶው ውስጥ አስገቡ። የአረፋው ከፍታ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? አንባቢ ይህን ወዲያው ይገባዋል።

ደጋግሞ መሄድ ዋናው ነው። ቅዳሜ ሂዱ፣ ማክሰኞም ሂዱ። ከዝናብ በፊት፣ ከዝናብ በኋላ። የዓመት በዓል ዋዜማም ጥሩ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ልብስ የሚያጥብበት ቀን ነውና። አረፋው ቅዳሜ በዝቶ ማክሰኞ ከጠፋ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው።

ዝናቡን ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። ጎኑ ቀጥ ያለ ሃይላንድ ፈልጉ። አናቱን ቁረጡና ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ አፉ ላይ ስኩት። የታችኛው ክፍል ስለሚጎረብጥ እስከ ቀጥተኛው ቦታ ድረስ ውኃ ሙሉበትና እዚያ ላይ ዜሮ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ከዜሮው ጀምሮ በማስመሪያ ለኩ። ከጣሪያና ከዛፍ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት አንብቡት፤ ወደ ዜሮው መልሱት።

ስለ ደኅንነት ጥቂት። አረፋውን በእጃችሁ አትንኩ። ክረምት ላይ ወንዝ ውስጥ ገብታችሁ አትቁሙ፤ እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ላይ ሊዘንብ ይችላል፣ ጎርፉ ግን ሳያስታውቅ ይደርሳል። ጨለማ ሳይለቅ አትውጡ። ግድብ፣ የውኃ ማጣሪያ ወይም ወታደር የሚጠብቀው ግቢ አካባቢ ስልክ ከማውጣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። የሰው ማሳ ውስጥም «ቤቶች» ሳይሉ አይገባም።

3. ቀድመው የኖሩትን ጠይቁ

እናንተ ኮንዶሚኒየም ሲደርሳችሁ የመጣችሁ ናችሁ። ያቺን ጅረት ከመንገዱም ከብሎኩም በፊት የሚያውቋት ሰዎች አሉ። ከብት ሲያጠጡባት ያደጉ።

አጠያየቁ ግን ይታወቅበት። አንድን አዛውንት «አባባ፣ የአየር ንብረት ለውጥ በአካባቢዎ ምን ተጽዕኖ አሳድሯል?» ብትሏቸው ሬዲዮ ላይ የሰሙትን መልሰው ይነግሯችኋል። ሰውዬው ትሑት ናቸው፤ የጠበቃችሁትን ሊሰጧችሁ ነው የሚሞክሩት። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «አባባ፣ ይቺ ምንጭ ድሮ ሳትደርቅ እስከ ስንት ወር ትቆይ ነበር?» ያን ጊዜ ዓይናቸው ወደ ምንጯ ይሄዳል።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ፤ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ክስተት ጥቀሱ። «ደርግ ሲወድቅ ውኃ ነበራት?» «ትልቁ ልጅዎ ሲዳር ከዚህ ትቀዱ ነበር?» ከዚያ ዓመቱን እናንተ ትቆጥራላችሁ።

በወንዙ ዳር ቆስጣና ሰላጣ ከሚያለሙት ጋር ስታወሩ መጀመሪያ ጎመን ግዙ። ቀልዴን አይደለም። በጋዜጠኛ ተማርረዋል። በአቃቂ ውኃ በሚለማ አትክልት ላይ ከባድ ብረቶችን፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ ሲበዙ የሚጎዱ ብረቶችን፣ ለክተው ያገኙ ጥናቶች አሉ። ያንን የጻፈ ሁሉ ታዲያ ፎቶ የሚያነሳው ገበሬውን ነው። ገበሬው ውኃውን አላቆሸሸውም፤ ቆሽሾ ነው የደረሰው። የምትጽፉ መሆናችሁን ንገሯቸው። ስማቸውንና የማሳቸውን ቦታ ደግሞ አታውጡ፤ ነገ ገበያ የሚያጡት እነሱ ናቸው።

በእነዚህ ሰፈሮች ነባሩ ነዋሪ ብዙ ጊዜ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው። ቋንቋውን ካልቻላችሁ የሚችል ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። የዛፉንና የወፉን ስም እነሱ እንደሚጠሩት መዝግቡ፤ በአማርኛ ስም ያላገኛችሁለት ተክል እነሱ ጋ ስምም መድኃኒትነትም ሊኖረው ይችላል።

የሰው ትዝታ ልኬት አይደለም። «ድሮ ዝናቡ እንዲህ አልነበረም» የሚለውን ቃል በቃል ጻፉት፣ የማን ቃል እንደሆነ ግለጹ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይዛችሁት ሂዱ።

4. ያጠኑትንም ጠይቁ

ለዝናብና ለሙቀት የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ለተክል አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ ብሔራዊው ኸርባሪየም አለ፤ የደረቁ የተክል ናሙናዎች በስማቸው ተሰድረው የተቀመጡበት ቤት ነው። ሀገር በቀል ዛፎችን ቆመው ለማየት ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይሻላል። ለወፍ በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ሰዎች አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቶችም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባሉ። አቃቂን የመረመሩ ብዙ ናቸው።

ስልካችሁ ላይ አይናቹራሊስትን ብትጭኑ ፎቶ ልካችሁ የተክሉን ወይም የነፍሳቱን ስም ትጠይቃላችሁ። መጀመሪያ መተግበሪያው ራሱ ይገምታል፤ ግምቱ እንደ መልስ እንዳይወሰድ። ሌሎች ሰዎች አይተው እስኪስማሙ ጠብቁ።

ስም ላይ ጥንቁቅ ሁኑ። «ጽድ ተተከለ» ብላችሁ ብትጽፉ ሁለት የተለያዩ ዛፎች ናቸው። የሀበሻ ጽድ፣ በሳይንስ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ፣ የሀገሩ ነው፤ ፍሬው ለስላሳና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። የፈረንጅ ጽድ ግን ከመካከለኛው አሜሪካ አካባቢ የመጣ ነው፤ ፍሬው እንደ እንጨት የጠጠረ ድብልብል ነው። ፍሬውን ያየ አይሳሳትም። ጽሑፋችሁ ስለ ሀገር በቀል ደን መመለስ ከሆነ ደግሞ ይህ ልዩነት ነገሩን በሙሉ ይገለብጠዋል።

ጥናት ስታነቡ ከመደምደሚያው በፊት ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የት፣ መቼ፣ በስንት ናሙና። ምሳሌ ልስጥ። በ2012 እ.ኤ.አ. ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ስለ ጅብና ስለ ዐቢይ ጾም አንድ ጥናት አሳተሙ። 55 ቀን ሙሉ ሰው ሥጋ ካልበላ አጥንትና አንጀት አይጣልም። ታዲያ ጅቡ ምን ይበላል? ተመራማሪዎቹ መቀሌ አካባቢ የጅብ ዓይነ ምድር ሰብስበው በውስጡ ያለው ፀጉር የምን እንስሳ እንደሆነ ለዩ። የአህያ ፀጉር የተገኘበት ናሙና ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ ነበር። በጾሙ ጊዜ 33.1 በመቶ ደረሰ። ከጾሙ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ።

ይህን ለአማርኛ አንባቢ ስትነግሩት ጾሙን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። አህያ የምትባል እንስሳ ከጅብ ጋር ያላትን ጉዳይም ከተረቱ ያውቀዋል። ለሌላ ሀገር አንባቢ አንድ ገጽ ማብራሪያ የሚፈልገው ነገር እኛ ጋ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። እንዲህ ያለ ጥናት ስታገኙ አትልቀቁት።

ነገር ግን ጥናቱ የተሠራው መቀሌ አካባቢ ነው። «የሱሉልታ ጅቦች በጾም አህያ ይበላሉ» ብላችሁ አትጻፉ። «እኛስ ጋ እንዴት ነው?» ብላችሁ የጋሪ ነጂዎችን መጠየቅ ግን ትችላላችሁ። ያ ሌላ ጥሩ ጽሑፍ ነው።

ወደ አረፋችን እንመለስ። ሳሙና የውኃን የገጽ ውጥረት፣ ማለትም የውኃውን ላይኛ ገጽ እንደ ቆዳ ወጥሮ የሚይዘውን ኃይል፣ ያላላዋል። ውኃው ከድንጋይ ላይ ሲወረወር አየር ይዞ ይገባል፣ አየሩም ቶሎ አይፈነዳም፤ አረፋ ሆኖ ይቆያል። ግን ቅጠልና ሣር ሲበሰብስ የሚወጡ ነገሮችም አረፋ ይሠራሉ። ያኛው ብዙ ጊዜ ወደ ቡናማ ያደላል፣ የአፈር ወይም የዓሣ ሽታ አለው። የሳሙናው ነጭ ነው፣ ሽቶ ሽቶ ይላል። ደብተራችሁ ላይ ቀለሙንና ሽታውን የጻፋችሁት ለዚህ ነው። ቁርጡን የሚናገረው ላቦራቶሪ ስለሆነ እናንተ «ሳሙና ይመስላል፣ ምክንያቱም…» እስከሚለው ድረስ ሄዳችሁ ቁሙ።

5. ቁጥሩን ወደ ጀሪካን ቀይሩት

«ትናንት 25 ሚሊ ሜትር ዘነበ» ሲባል ለብዙ ሰው ምንም አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። እዚህ ላይ ያዙት። 30 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት ላይ 25 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 750 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 37 ሞልቶ ይተርፋል።

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ያው ቆርቆሮ በዓመት 36,000 ሊትር ይቀበላል፤ 1,800 ጀሪካን። የሚባክነውን ቀንሱለት፣ አሸንዳው የሚያፈሰውንም ቀንሱለት። ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው የዳር ከተማ ሰው ግን ይህ ቁጥር ቀልብ ይገዛል። አብዛኛው የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም መሆኑንም ጨምሩበት፤ ያለበለዚያ አንባቢው በጥር በርሜል ገዝቶ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይከርማል።

ሁለተኛው ቁጥር የችግኝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታወቀ። ቁጥሩ በዓለም ዙሪያ ተዘገበ። ስለ ዛፍ የሚጽፍ ሰው ግን «ተተከለ» እና «ጸደቀ» የሚሉትን መለየት አለበት። ባለሙያዎቹ «የጽድቀት መጠን» የሚሉት ነገር አለ፤ ከተተከለው ውስጥ በሕይወት የተረፈው ድርሻ ነው። ችግኝ በክረምት እምብዛም አይሞትም። የሚፈተነው በበጋው ነው፤ ውርጩ፣ ፀሐዩ፣ ፍየሉ።

ስለዚህ የሰፈራችሁን ራሳችሁ ቁጠሩ። ከዳር ጀምራችሁ 100 ጉድጓድ በተርታ ያዙ፤ የለመለመውን ብቻ እየመረጣችሁ እንዳይሆን። ግንቦት ላይ ሂዱ። በሕይወት ያለ፣ የደረቀ፣ ጭራሽ የሌለ ብላችሁ ለዩ። ውጤቱ ስለ ሀገሩ ምንም አይናገርም፤ ስለዚያች ኮረብታ ግን ማንም ያልጻፈውን ይናገራል።

6. አሁን ጻፉ

ብዙዎቻችን ስለ ሳይንስ ስንጽፍ ድንገት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የምንጽፍ ይመስለናል። ይህን እዩት፦

«የአካባቢ ብክለት በአሁኑ ወቅት ዓለም አቀፍ አሳሳቢ ችግር ከመሆኑም ባሻገር በሀገራችንም ከፍተኛ ተጽዕኖ እያሳደረ የሚገኝ ሲሆን በተለይም የወንዞች ብክለት የሥነ ምህዳር መዛባትን በማስከተል ላይ ይገኛል።»

ስህተት የለበትም። የሚታይ ነገርም የለበትም። ማን ምን አደረገ? የት? አሁን ይህን፦

«ቅዳሜ ከሰዓት ከብሎካችን በታች ያለው ድልድይ ላይ ቁሙ። ውኃው ከድንጋዩ ሲወርድ ነጭ አረፋ ያነሳል። ሽታው የልብስ ሳሙና ነው። ማክሰኞ ብትመጡ ግን አረፋ የለም። የቅዳሜው ከየት መጣ?»

ከዚህ በኋላ አንባቢው አብሯችሁ ይሄዳል። ውኃውን ተከትላችሁ ውሰዱት። ጅረቷ አቃቂን ትቀላቀላለች፣ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ይገባል። አባ ሳሙኤል ከሀገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት ግድብ ነው። ዛሬ ላዩን እምቦጭ ይወረዋል። እምቦጭ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የበዛበት ውኃ ይመቸዋል። እነዚህ ደግሞ ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ ከማዳበሪያና ከአንዳንድ ሳሙናዎች ይመጣሉ። አሁን የሰፈራችሁ ቱቦና ያ አረንጓዴ ምንጣፍ በአንድ መስመር ተያያዙ። «ሥነ ምህዳር» የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ብታመጡት ያምርበታል፤ አንባቢው ነገሩን አይቶታል።

ረጅም ዓረፍተ ነገር ስታዩ ቁረጡ። «በማስከተል ላይ ይገኛል» ካላችሁ «ያስከትላል» በሉ። አዲስ የሙያ ቃል በአንድ አንቀጽ ከአንድ በላይ አታስገቡ፤ ካስገባችሁም በዚያው ፍቱት። «ወንዛችን ታለቅሳለች» የሚለውን ለግጥም ተዉት። እውነቱን ለመናገር ለግጥምም በቅቶታል።

የሕዝብ እምነት ስታርሙ ደግሞ አታሹፉ። የመስቀል ወፍን ውሰዱ። በዓመት አንዴ ብቅ ብላ ትጠፋለች ይባላል፤ በዓመት አንዴ የሚመጣ ዘመድንም በእሷ ነው የምንጠራው። በዚህ ስም ከሚጠሩት መካከል ወንዱ በዝናቡ ወቅት ለመራባት ደማቅ ላባ የሚያወጣ ወፍ አለ። ወቅቱ ሲያልፍ ያንን ላባ ይጥልና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። የትም አልሄደም፤ ልብሱን ቀይሮ ከድንቢጦች መካከል ተቀምጧል። እናታችሁ «መስከረም ላይ ትመጣለች» ስትል ያየችውን ነው የተናገረችው፣ ያየችውም ልክ ነው። ጽሑፋችሁ «ተሳስታችኋል» ብሎ ከሚጀምር «በጥር ወር ድንቢጥ የመሰለቻችሁን ደግማችሁ እዩ» ቢል ሰው ወደ መስኮቱ ይሄዳል።

7. ሁለት መልስ ያለው ነገር ሲገጥማችሁ

ባሕር ዛፍ። በዚህ ከተማ ስለ ዛፍ የጻፈ ሁሉ እዚህ ጋ ይደናቀፋል።

«ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፣ ይነቀል» የሚል ወገን አለ። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ፈጥኖ የሚያድግ ነው፤ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ብዙ ውኃ ይጠጣል። ምንጭ አፍ ላይና ማሳ ዳር ሲተከል ጉዳቱ ይታያል። ሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልቡ አያበቅልም።

በሌላ በኩል ይህች ከተማ አሁን ባለችበት የቀረችው በባሕር ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። በምኒልክ ዘመን እንጦጦና ዙሪያው ለማገዶ ተመንጥሮ ስላለቀ ዋና ከተማውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ከተማ የማዛወር ሐሳብ ነበር። ፈጥኖ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ሲስፋፋ ያ ሐሳብ ቀረ። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችም ልጅ ያሳደጉት በእሱ ነው።

እንዲህ ያለውን ስትጽፉ «አንዳንዶች ይደግፋሉ፣ አንዳንዶች ይቃወማሉ» ብላችሁ መሐል ላይ አትቀመጡ። የት፣ ምን ያህል፣ በምን ፈንታ ብላችሁ ጠይቁ። ምንጭ አጠገብ ያለውን ማንሳትና ራቁት ገደል ላይ ያለውን መንቀል አንድ አይደሉም። ከተነቀለ በኋላ ወይራና ኮሶ እስኪደርሱ ያ መሬት ክረምቱን በምን ይችላል? ማገዶውስ ከየት ይመጣል? እኔ በበኩሌ ምንጭ ዳር ያለው ቢነሳ ደስ ይለኛል፣ የተራራው ቀስ ብሎ ይተካ ባይ ነኝ። የራሳችሁን አቋም እንዲህ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ አንባቢው የቱ መረጃ፣ የቱ የእናንተ ሐሳብ እንደሆነ ይወቅ።

«ሳይንቲስቶች አረጋገጡ» አትበሉ። የትኞቹ? የት? አንድ ዓመት ሞቀ ብላችሁም «የአየር ንብረት ተቀየረ» አትበሉ። የአየር ንብረት የሚለካው በተለምዶ በ30 ዓመት አማካይ ነው፤ የዘንድሮው ፀሐይ የአየር ጠባይ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ እውነተኛውን ለውጥ ለሚክዱት በር ይከፍታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲበርድ «ታዲያ የታል?» ይሏችኋላ።

8. ከመልቀቃችሁ በፊት

ጽሑፉን ስለ ጉዳዩ ለማያውቅ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። የት ላይ ስልኩን እንዳየ ልብ በሉ። እዚያ ጋ ቁረጡ።

የወፍ ጎጆ ወይም ብርቅ ተክል ያገኛችሁበትን ትክክለኛ ቦታ አታውጡ፤ «ሱሉልታ አካባቢ» ይበቃል። ስልካችሁ ፎቶው ውስጥ ቦታውን እንደሚመዘግብም አትርሱ፤ አጥፉት። ከፎቶው ሥር ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ ሀገር ወንዝ ፎቶ የሰፈራችሁ ነው ብላችሁ ከለጠፋችሁ የጻፋችሁት ሁሉ በአንድ ኮሜንት ያልቃል።

ጊዜም ይመረጥለት። የዝናብ ውኃው ጽሑፍ በሰኔ መግቢያ፣ የመስቀል ወፉ በጳጉሜን፣ የጅቡ በዐቢይ ጾም።

ጉዳዩ የሚነካው ድርጅት ወይም መሥሪያ ቤት ካለ ከመልቀቃችሁ በፊት ጠይቁት፣ መልስ ካልሰጠም መጠየቃችሁን ጻፉ። አንባቢ ስህተት ካሳያችሁ በዝምታ አታስተካክሉ። ጽሑፉ አናት ላይ «ጥቅምት 5 ታርሟል» ብላችሁ የታረመውን ነገር በአንድ መስመር አስፍሩ። መሥሪያ ቤቱ ዘግይቶ ከመለሰላችሁም መልሱን ከነቀኑ እዚያው ሥር ጨምሩት።